አርቆ ያለማየት ስሞች በእንግሊዝኛ ቋንቋ፤ ቃሎቹና የወደቁባቸው ሰዎች

ሰው ከእንስሳ የሚለይበት ነገር ብዙ ነው፤ ከብዙዎቹም አንዱ ገና ያልደረሰውን ቀን አስቀድሞ ማሰቡ ነው። ገበሬ በሰኔ ዝናብ እየተደበደበ የሚዘራው የኅዳርን አዝመራ በልቡ እያየ ነው። እናት ከጎተራው ውስጥ ጥቂት እህል ለይታ ለዘር የምታስቀምጠው ዛሬ ልጆቿ ስለ ጠገቡ አይደለም፤ በሚመጣው ዓመት እንዳይራቡ ብላ ነው። ስለዚህ አርቆ የሚያይ ሰው በሕዝብ ዘንድ ይመሰገናል፤ አርቆ የማያይ ደግሞ ይነቀፋል። በአማርኛችን «አርቆ አሳቢ» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው፤ «ከአፍንጫው አርቆ የማያይ» ማለት ግን ስድብ ነው። የሚያስደንቀውም እንግሊዞች ይህንኑ ስድብ በዚሁ በአፍንጫ መሳደባቸው ነው፤ እነርሱም «ከአፍንጫው ጫፍ ወዲያ አያይም» ይላሉ።

እኛ ትምህርታችንን በዚህ ዓመት የምንፈጽም ተማሪዎች የእንግሊዝኛን ቃል በብዛት ተምረናል፤ ፍቹንም በደብተራችን ጽፈን ሸምድደናል። ነገር ግን ቃል ፍች ብቻ ሳይሆን ታሪክም አለው። ማን ተናገረው? በማን ላይስ ተነገረ? ብሎ ያልጠየቀ ተማሪ ቃሉን አወቀው ለማለት አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ እንግሊዞች አርቆ ላለማየት ያወጧቸውን ስሞች አንድ በአንድ ከተመለከትን በኋላ፣ እነዚህ ስሞች በታሪክ ውስጥ በእነማን ላይ እንደ ወደቁ ለማሳየት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ አቈጣጠር በሆነ ጊዜ ለይተን እንናገራለን።

የዓይን ቃሎች

በእንግሊዝኛ አርቆ ማየት «ፎርሳይት» ይባላል። «ፎር» ማለት በፊት፣ አስቀድሞ ማለት ነው፤ «ሳይት» ማለት ደግሞ ማየት ነው። ቃሉ በመካከለኛው ዘመን ሲነገር ብዙ ጊዜ የእግዚአብሔርን አስቀድሞ ማወቅ ያመለክት ነበር። ስለዚህ ከመነሻው ቃሉ የዓይን ቃል ነው፤ ተቃራኒዎቹም የዓይን ቃሎች መሆናቸው አያስገርምም።

ከተቃራኒዎቹ ሁሉ የታወቀው «ሾርት ሳይትድ» የሚለው ነው፤ እንዳለ ሲተረጐም «እይታው ዐጭር የሆነ» ማለት ነው። ይህ ቃል በ17ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ ሁለት ትርጕም ይዞ በመጻሕፍት ይገኛል፤ አንዱ ሩቁን ለማያይ ዓይን፣ ሁለተኛው ነገን ለማያይ አእምሮ ነው። ያ ዘመን የመነጽርና የመስተዋት ዘመን እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል። መነጽር በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኢጣልያ ተሠርቶ ነበር፤ ያ የመጀመሪያው መነጽር ግን የሚረዳው በሽምግልና ምክንያት የቅርቡን ጽሕፈት ማንበብ የተሳናቸውን ነው። ሩቁን ማየት ለተሳናቸው የሚሆነው መካከሉ የሳሳ መስተዋት የተለመደው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1604 ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው ጀርመናዊ የከዋክብት ሊቅ፣ እንዲህ ባለው ዓይን ውስጥ ከሩቅ የመጣው ብርሃን ከዓይኑ የኋላ ግድግዳ ሳይደርስ በፊት ስለሚሰበሰብ ሩቁ ነገር እንደሚደበዝዝ ገለጠ። በ1608 የሩቅ ማያ መነጽር በሆላንድ ታወቀ፤ በሚከተለው ዓመት ጋሊሌዎ የራሱን ሠርቶ ወደ ሰማይ አቀናው። ሰው በመስተዋት ረዳትነት ሩቁን ማየት በጀመረበት በዚያ ዘመን፣ ሩቁን አለማየትም በእንግሊዝ አገር የአእምሮ ጕድለት ስም ሆኖ ይነገር ነበር።

ሁለተኛው «ማዮፒያ» ነው። ይህ የሐኪሞች ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ ትርጕሙ ዓይንን መጨፈን ማለት ነው። ሩቁን ማየት የተሳነው ሰው ለማየት ሲሞክር ዓይኑን ስለሚያጨነቍር ግሪኮች ይህን ስም አወጡለት። ይኸው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት በምዕራፍ 1 ቍጥር 9 ሐዋርያው በጎነትንና ፍቅርን ያላፈራውን ሰው በቅርብ ያለውን ብቻ የሚያይ መሆኑን ለመናገር የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ከማዮፒያ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። እንግዲህ አርቆ አለማየትን በዓይን በሽታ መመሰል ከእንግሊዝኛ ቋንቋ እጅግ የቀደመ ነው።

ሦስተኛው «ፐርብላይንድ» የሚባል የዱሮ ቃል ነው። በ1300 ገደማ ፈጽሞ ዕውር ማለት ነበር፤ ኋላ ግን ትርጕሙ እየላላ ሄዶ ዓይኑ የደከመ፣ ከዚያም ልቡ የደነዘዘ ማለት ሆነ። አራተኛው «ብሊንከርድ» የሚለው ነው። ይህንስ ማንም ጋሪ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ በጋሪ ፈረስ ዓይኖች አጠገብ በግራና በቀኝ ቍራጭ ቆዳ ይታሰራል፤ ፈረሱም ከፊቱ ካለው መንገድ በቀር ሌላ አያይም። እንግሊዞች አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞ ዙሪያውን የማይመለከተውን ሰው በዚህ ፈረስ ይመስሉታል። ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው «በዛፎቹ ምክንያት ደኑን ማየት ተሳነው» የሚለው ምሳሌ ጆን ሄይውድ በ1546 ባሳተመው የምሳሌዎች መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

በእነዚህ የዓይን ቃሎች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ እናያለን። ዓይኑ የደከመ ሰው ይታዘንለታል እንጂ አይፈረድበትም። ሩቁን ባያይ ጥፋቱ የዓይኑ ነው፤ መነጽር ቢሰጡት ይድናል። ስለዚህ አንድን ሰው «ሾርት ሳይትድ» ብሎ መንቀፍ ለስላሳ ነቀፌታ ነው፤ በውስጡ ይቅርታ አለበት።

የኪስ ቃሎች

ሌሎቹ ቃሎች ግን ከዓይን ይልቅ ከኪስና ከጎተራ የተወለዱ ናቸው። ከእነዚህም ዋናው «ኢምፕሮቪደንት» የሚለው ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት ከላቲን ነው። በላቲን «ፕሮ» ማለት በፊት፣ «ቪዴሬ» ማለት ማየት ነው፤ «ፕሮቪደንት» ማለትም አስቀድሞ የሚያይ ማለት ነው። ብልህና ጥንቁቅ ሰው የሚጠራበት «ፕሩደንት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ቃል ዐጥሮ የወጣ ወንድሙ ነው። የእግዚአብሔር መግቦት የሚጠራበት «ፕሮቪደንስ» የሚለው ስም ደግሞ የእነዚሁ ዘመድ ነው። አንባቢ ይህን ዝምድና እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

እንግዲህ «ኢምፕሮቪደንት» በሥሩ የዓይን ቃል ቢሆንም፣ በተለመደው አነጋገር ገንዘቡን የሚበትን፣ ለክፉ ቀን የማያስቀምጥ ሰው ስም ሆነ። እኛ «ለክፉ ቀን» የምንለውን እንግሊዞች «ለዝናብ ቀን» ይላሉ። በአገራችን ዝናብ በረከት ስለ ሆነ አነጋገሩ እንግዳ ይመስለናል።

በኪስ ቃሎች ረገድ የእንግሊዝ ሕዝብ ምሳሌዎች ብዙና ጣፋጮች ናቸው። «በሳንቲም ብልኅ፣ በፓውንድ ሞኝ» የሚለው ከ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል፤ ሮበርት በርተን የተባለው ጸሐፊም በ1621 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሳንቲም ያልነው ፔኒ የሚባለውን ነው። እስከ 1971 ድረስ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለ ነበረ፣ አንድ ፔኒ ለማዳን ብሎ አንድ ፓውንድ የሚያጠፋ ሰው 240 እጥፍ ሞኝ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው «በግማሽ ፔኒ ቅጥራን ምክንያት መርከቡን አበላሸ» የሚለው ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ በመርከብ ዕንጨት መካከል ስለሚቀባ ቅጥራን የተነገረ ይመስለዋል። ቀድሞ ግን የተነገረው ስለ በግ ነበር፤ እረኞች የበጉን ቍስል ዝንብ እንዳያበላሸው ቅጥራን ይቀቡት ነበርና። በአንዳንድ አውራጃ የበግና የመርከብ ስም በአነጋገር ስለሚመሳሰል በጉ በጊዜ ብዛት መርከብ ሆነ።

ሦስተኛው «ፈረሱ ከተሰረቀ በኋላ የጋጣውን በር ዘጋ» የሚለው ሲሆን፣ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። አባቶቻችን ይህንኑ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ተናግረውታል። አራተኛው የወርቅ ዕንቍላል የምትጥለውን ዝይ ስላረደው ሰው የሚነገረው ተረት ነው፤ ይህ የኤዞፕ ተረት ነው፤ የኤዞፕ ተረቶችም ዊልያም ካክስተን በ1484 በእንግሊዝኛ ካተማቸው ወዲህ የሕዝብ ሀብት ሆነዋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ አንድ ደራሲ ለቋንቋው አዲስ ስም ጨመረ። ቻርልስ ዲክንስ በ1849 እና በ1850 በክፍል በክፍል ባወጣው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ሚስተር ሚኮበር የሚባል ሰው አለ። ይህ ሰው ዕዳው ቢበዛበትም ነገ አንድ ነገር ይገኛል እያለ ዘወትር በተስፋ ይኖራል። ዲክንስ ይህን ጠባይ ከሩቅ አልሰማውም፤ የገዛ አባቱ በ1824 በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ በተባለው የለንደን ወኅኒ ቤት ታስሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገቢውን ሳያስተካክል በተስፋ ብቻ የሚኖር ሰው በእንግሊዝኛ «ሚኮበር» ይባላል።

ዲክንስ ስለ ሚኮበር ሲጽፍ እየሳቀም እያዘነም ነው። «ኢምፕሮቪደንት» የሚለው ቃል ግን ሳቅም ኀዘንም የለበትም። የኪስ ቃል እንደ ዓይን ቃል ይቅርታ አይሰጥም፤ ዐውቆ በዛሬው ደስታ ነገን የሸጠ ሰው ነው ብሎ ይፈርዳል። እንግዲህ ለአንድ ጕድለት ለስላሳና ሻካራ ሁለት ዓይነት ስም ካለ፣ ለስላሳው ለማን፣ ሻካራው ለማን ተሰጠ? የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

ሻካራው ቃል በማን ላይ ወደቀ?

በ1798 ቶማስ ማልቱስ የተባለው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን፣ የሰው ቍጥር ከምግብ ይልቅ ፈጥኖ ይበዛል የሚል የታወቀ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር ድኾች የሚደኸዩት ሳያስቡ ስለሚያገቡና ልጅ ስለሚያበዙ ነው የሚለው ክርክር በረታ። እንዲህ ያለውም ጋብቻ «ኢምፕሮቪደንት» ይባል ነበር። በ1834 የወጣው የድኾች ሕግ ርዳታ የሚፈልገው ጤናማ ድኻ ወደ ሥራ ቤት እንዲገባ አዘዘ፤ በዚያም ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። ቃሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ይህ በሆነ በ11 ዓመት፣ በ1845፣ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተመታ። ከሻጋታ ጋር የሚመሳሰል በሽታ ቅጠሉን አጥቍሮ ሥሩን ያበሰብሰው ነበር። በ1845 ከአዝመራው አንዱ ክፍል ጠፋ፤ በ1846 ግን ጠቅላላው ጠፋ ለማለት ይቻላል። አየርላንድ በዚያ ዘመን የምትገዛው ከለንደን ነበር። ከሕዝቧም ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖረው ከሞላ ጎደል በድንች ብቻ ስለ ነበረ፣ ብዙ እንግሊዛውያን ይህን ሕዝብ ሰነፍና ለነገ የማያስብ እያሉ ነቀፉት። በአንድ ተክል ብቻ ተማምኖ የሚኖር ሕዝብ አርቆ አላየም ተባለ።

እስቲ ነገሩን እንመርምረው። የአየርላንድ ጭሰኛ የሚያርሰው መሬት እጅግ ጥቂት ነበር። በዚያ ጥቂት መሬት ላይ ቤተ ሰብን ሊመግብ የሚችለው ድንች ነው፤ እህል ቢዘራበት አይበቃውምና። ያመረተውን እህልና ያሳደገውን ዐሣማ ሸጦ ለባለ መሬቱ ግብር ይከፍል ነበር። ድንች ደግሞ እንደ ጤፍና እንደ ገብስ በጎተራ ከዓመት ወደ ዓመት አይቀመጥም። እንግዲህ ይህ ሰው ለክፉ ቀን ያላስቀመጠው አርቆ ስላላየ አይደለም፤ የሚያስቀምጠው ነገር ስላልነበረው ነው። ድንችን መምረጡም በነበረው መሬት ልክ የተደረገ ጠንቃቃ ሒሳብ ነበር።

አሁን ደግሞ መንግሥቱን እንመልከት። በመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ፒል የአሜሪካ በቆሎ አስገዝቶ ስለ ነበረ ረኃቡ በ1845 ክረምት ብዙ ሰው አልገደለም። በ1846 መንግሥት ተለውጦ ጆን ራስል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በለንደን ግምጃ ቤት የርዳታውን ሥራ የሚመራው ቻርልስ ትሬቬልያን ነበረ። በ1847 ሾርባ የሚታደልባቸው ቤቶች ተከፈቱ፤ በሐምሌ ወር በየቀኑ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይመገብ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ መንግሥት ከፈለገ ሕዝቡን ሊመግብ እንደሚችል አረጋገጠ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት በመከር ጊዜ እነዚህ ቤቶች ተዘጉ። ምክንያቱም የ1847 ድንች በበሽታ አልተመታም ነበር። እውነት ነው፤ የበቀለው ድንች ጤናማ ነበር። ነገር ግን የተተከለው እጅግ ጥቂት ነበር፤ የተራበው ሕዝብ የዘሩን ድንች በልቶት ነበርና። ጤናማውን ድንች ያየ ባለ ሥልጣን ባዶውን እርሻ አላየም። ከዚህም ሌላ በዚያው ዓመት በሰኔ የወጣው ሕግ፣ ከሩብ ኤከር ማለት ከ1000 ካሬ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ መሬት በላይ የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ ርዳታ አያገኝም አለ። ሰው ለዛሬ ምግብ ሲል የነገውን እርሻ እንዲተው ሕጉ ራሱ አስገደደው። በ1848 በሽታው እንደ ገና ተመለሰ። በ1841 በተደረገው ቈጠራ 8,175,124 የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ በ1851 ወደ 6,552,385 ወረደ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ።

ርዳታው የቀነሰው የመንግሥቱን ገንዘብ ለመቈጠብ ነበር። ይኸው መንግሥት ግን በ1833 ባሪያ አሳዳሪዎች ባሮቻቸው ነጻ ስለ ወጡባቸው ካሣ እንዲሆናቸው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቅዶ ነበር፤ ለአየርላንድ ረኃብ ያወጣው ገንዘብ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። «በሳንቲም ብልኅ፣ በፓውንድ ሞኝ» የሚለው ምሳሌ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

አሁን አንባቢ እንዲያስታውስልን ወደ ለመንነው ዝምድና እንመለስ። ትሬቬልያን በ1848 ስለዚህ ረኃብ በጻፈው ጽሑፍ መከራው ከ«ፕሮቪደንስ» የመጣ መሆኑን ይገልጻል። ስለዚህ የተራበው ጭሰኛ «ኢምፕሮቪደንት» ተባለ፤ ሞቱም የ«ፕሮቪደንስ» ሥራ ተባለ። ሁለቱ ቃሎች ከአንድ ሥር የወጡ፣ ሁለቱም አስቀድሞ ማየትን የሚናገሩ ናቸው። በጭሰኛውና በእግዚአብሔር መካከል ግን አስቀድሞ ማየት ሥራው የሆነ ሦስተኛ ወገን ነበረ፤ እርሱም መንግሥት ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ የመንግሥት ስም ጠፋ። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች በእግዚአብሔር መግቦት እናምናለን፤ ስለምናምንበትም ሰው የገዛ ራሱን ጥፋት በዚህ ቅዱስ ስም ሲሸፍን ዝም ማለት አይገባንም።

ማየት አለመቻልና ማየት አለመፈለግ

እንግሊዝኛ ከዓይንና ከኪስ ቃሎች ሌላ ሦስተኛ ዓይነት አነጋገርም አለው፤ ይኸውም እያወቀ የማያይ ሰው የሚነቀፍበት ነው። በሚያዝያ 2 ቀን 1801 የእንግሊዝ መርከቦች በኮፐንሃገን ሲዋጉ፣ ዋናው አዛዥ ሰር ሃይድ ፓርከር ውጊያው እንዲቆም በባንዲራ ምልክት ሰጠ። ምክትሉ ኔልሰን በ1794 በኮርሲካ ደሴት በተደረገው ውጊያ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቶበት ነበር። እንደሚተረከው ኔልሰን የሩቅ ማያ መነጽሩን በታወረው ዓይኑ ላይ አድርጎ ምልክቱ አይታየኝም አለ፤ ውጊያውንም ቀጥሎ ድል አደረገ። «ዕውር ዓይንን ማዞር» የሚለው አነጋገር ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ ይነገራል። ከጀግንነት ጋር የተያያዘው አነጋገር ኋላ ማየት የሚገባውን እያወቀ ላለማየት የሚመርጥ ሰው ነቀፌታ ሆነ።

የዚህ ነቀፌታ ምሳሌ ለመፈለግ ከአገራችን ታሪክ መራቅ አያስፈልገንም። ኢጣልያ በጥቅምት 1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር ወር የንግድ ቅጣት አደረገባት። ነገር ግን ለጦር ሞተር የሚያስፈልገው የነዳጅ ዘይት በቅጣቱ ውስጥ አልገባም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች አልተዘጋም። በታኅሣሥ ወር የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ከኢትዮጵያ ብዙ መሬት ቈርሶ ለኢጣልያ የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር አዘጋጁ፤ ዕቅዱ በጋዜጣ በተገለጠ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ እጅግ ተቈጣ፤ ሆርም ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በተደረገው የሰላም ድምፅ መስጫ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ጉዳዩን አላየም ለማለት አይቻልም። የሚበዙትም የዓለም መንግሥታት ማኅበርን የሚደግፉ ነበሩ።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 በኢትዮጵያ አቈጣጠር በጄኔቭ ቆመው የተጠቃው የኢትዮጵያ መብት ብቻ ሳይሆን የትንንሽ መንግሥታት ሁሉ ደኅንነት መሆኑን ለማኅበሩ አስታወቁ። ማኅበሩ ግን በሐምሌ ወር ቅጣቱን አነሣ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በመስከረም 1938 በሙኒክ የቼኮስሎቫኪያ መሬት ለሂትለር ተሰጠ፤ በመስከረም 1939 ታላቁ ጦርነት ተነሣ። በሰኔ 1940 ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ዐወጀች፤ በ1941 የእንግሊዝ ወታደሮች ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆነው በኢትዮጵያ ምድር ኢጣልያን መውጋት ግድ ሆነባቸው። የነዳጅ ዘይት በመከልከል ሊገታ ይችል የነበረው ነገር ኋላ በብዙ ሰው ደም ተከፈለ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ከዚህ ታሪክ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ተበላሽቶ ቀረ። «አፒዝመንት» የሚለው ቃል ከሰላም ስም የወጣ ሲሆን፣ ቀድሞ ጠብን ማብረድ ማለት ነበር፤ ሚኒስትሮቹም ይመሰገኑበት ነበር። ከሙኒክ በኋላ ግን ትርጕሙ ለዛሬ ዕረፍት ሲባል ለአጥቂ መሸነፍ ሆነ። እስከ ዛሬም የእንግሊዝ ፖለቲከኛ በዚህ ስም መጠራት አይወድም።

ለእነዚህ ሰዎች ጥብቅና የሚቆሙ ደግሞ አንድ ቃል ያነሣሉ፤ እርሱም «ሃይንድሳይት» ነው። ትርጕሙ ከነገሩ በኋላ ማየት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ቃል የጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ ስም ነበር፤ በዚያው መቶ ዓመት ከፎርሳይት ጋር ተነጻጽሮ ነገሩ ካለፈ በኋላ ለሚመጣ ጥበብ ተሰጠ። ነገሩ ካለፈ በኋላ ሁሉም ብልህ ነው፤ ስለዚህ በቀድሞ ሰዎች ላይ አትፍረዱ ይሉናል። ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን ነገሩ ሳይደርስ በፊት በአደባባይ የተናገረ ሰው ካለ፣ ምክሩ አይሠራም። በጄኔቭ የተነገረው ቃል የተነገረው ከጦርነቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ነው። ያ ቃል ፎርሳይት ነበር፤ የጐደለው የሚሰማ ጆሮ ነው።

ከዚህ የምንማረው

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ዛሬም በዚህ ረገድ አዳዲስ ስም ማውጣቱን አልተወም። ዛሬ የሚገኘውን ትርፍ ብቻ እያየ ፋብሪካውን ለሚያዳክም ነጋዴ ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ «ሾርት ተርሚዝም» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከባዱን ጉዳይ ለሚመጣው ባለ ሥልጣን የሚያስተላልፍ መሪ ደግሞ «ቈርቈሮውን በመንገዱ ወደ ፊት ረገጠ» ይባላል። እነዚህ ስሞች በባለ ሥልጣንና በባለጠጋ ላይ መውደቃቸው መልካም ነው፤ ቀድሞ ነቀፌታው ወደ ድኻው ያዘነብል ነበርና።

እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን አንዳንዶቻችን ወደ መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዶቻችንም ወደ አባቶቻችን እርሻ እንሄዳለን። ከእኛ ያነሰ የተማረውን ሰው አርቆ አያይም ለማለት የሚያስችል ቃል በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተምረናል። ቃሉን ከአፋችን ከማውጣታችን በፊት ሦስት ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው። መጀመሪያ፣ ይህ ሰው ለነገ የሚያስቀምጠው ነገር ነበረውን? ሁለተኛ፣ ነገሩ ሳይደርስ የተናገረ ሰው ነበረን? ማንስ ሰማው? ሦስተኛ፣ ጥፋቱን የሠራው ማን ነው? ዕዳውንስ የከፈለው ማን ነው? የአየርላንድ ጭሰኛ ለመጀመሪያው ጥያቄ ምንም አልነበረኝም ብሎ ይመልሳል። በ1936 የነበሩት መንግሥታት ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የላቸውም። ለሦስተኛው ጥያቄ ግን ሁለቱም ታሪኮች አንድ መልስ ይሰጣሉ፤ አርቆ ያላየው አንድ ወገን ነው፤ የሞተው ግን ሌላ ወገን ነው።

ስለዚህ አርቆ ማየት ማለት ሩቅ ዘመንን ማየት ብቻ አይደለም። የሌላውን ሰው ጎተራ፣ የሌላውን ሰው እርሻና የሌላውን ሰው ልጅ ማየትም ነው። ለ1847 ባለ ሥልጣኖች ከለንደን እስከ አየርላንድ ያለው መንገድ ከ1847 እስከ 1848 ካለው ዓመት ይልቅ ረዝሞባቸው ነበር። በእውቀት ላይ ፍቅር ያልተጨመረለት ሰው በቅርብ ያለውን ብቻ ያያል ሲል ሐዋርያው ይህን ጭምር የተናገረ ይመስለናል። ትምህርት መነጽር ነው ከተባለ፣ መነጽሩን አድርገን የምንመለከተው የገዛ መንገዳችንን ብቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።